የስፖት ፕራውን ወቅት፦ ከጀልባ እስከ ድስት፣ ከነስህተቱ

ሳምንት 1፣ ቅዳሜ

56 ዶላር ወጣ። ሁለት ፓውንድ ስፖት ፕራውን፣ ትልቅ የባሕር ሽሪምፕ፣ አንዱ ፓውንድ በ28። ቤት ገብቼ ስቆጥረው 36 ፍሬ ነው።

የገዛሁት ቫንኩቨር፣ ፎልስ ክሪክ ካለው የዓሣ አጥማጆች ወደብ ነው፣ ከግራንቪል አይላንድ ጎን። ከረፋዱ 5 ሰዓት ደረስኩ። የሚሸጡት ጀልባዎቹ ራሳቸው ናቸው። ጀልባው ላይ የባሕር ውኃ የሚዘዋወርበት ገንዳ አለ፣ ሽሪምፑ እዚያ ውስጥ በሕይወት ይዋኛል፣ በመረብ ይጨልፉና ሚዛን ላይ ያደርጉልሃል። 40 ደቂቃ ተሰልፌ ነው የደረሰኝ።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ስፖት ፕራውን በካናዳ ምዕራብ ጠረፍ ከሚያዙት የሽሪምፕ ዓይነቶች ትልቁ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚወደው። የሚያዘውም ወለል ላይ በሚቀመጥ ወጥመድ እንጂ ባሕሩን በሚጠርግ መረብ አይደለም። ቀይ ቡናማ ነው፣ ጭራው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አለው፣ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ወቅቱ ሜይ ላይ ይከፈታል፣ ብዙ ጊዜ ከስድስት ሳምንት ብዙም ሳያልፍ ይዘጋል። ዘንድሮ ደግሞ በዓለ ሃምሳ ላይ ነው የወደቀልኝ፣ ረቡዕ የለ ዓርብ የለ።

አራት ዓመት ሙሉ እዚህ ከተማ ስኖር የበላሁት የሱፐርማርኬት የቀዘቀዘ ሽሪምፕ ብቻ ነው። ዘንድሮ ግን ወስኛለሁ፣ ወቅቱ እስኪዘጋ በየሳምንቱ እየገዛሁ በደንብ እማረዋለሁ። ይህንንም የምጽፈው ለራሴ ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ያው ስህተት እንዳልደግም።

ባለቤቴ አትበላም። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር እንስሳ አይበላም የሚለውን አጥብቃ ነው የምትይዘው፣ ኦሪት ዘሌዋውያን 11። እኔ ክርክሩ ውስጥ አልገባም። ቅድመ ሁኔታዋ አንድ ነው፦ «ድስቴን እንዳትነካ።» ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በ9 ዶላር የራሴን ድስት ገዛሁ። ክዳኑ ልኩ አይደለም፣ ግን ይሠራል።

ከወደቡ ወደ ቤት በአውቶብስና በስካይትሬን ባቡር አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሽሪምፑ በላስቲክ ከረጢት ነው። መንገድ ላይ ይንፈራገጥ ነበር፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ተነስታ ሌላ ወንበር ፈለገች። ቤት ስደርስ አሳዘነኝና የቧንቧ ውኃ ባለበት ሳህን ውስጥ ከተትኩት። በሕይወት ይቆይ ብዬ እኮ ነው። የባሕር እንስሳ ጨው በሌለው ውኃ! ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ዝም አለ። ማታ እንግዳ ስለመጣ ነገ እሠራዋለሁ ብዬ ከነራሱ ፍሪጅ አስገባሁት።

ሳምንት 1፣ እሑድ

ተበላሸ። ሽታው ያን ያህል አይደለም፣ ግን ቅርፊቱን ስልጠው ሥጋው ከጣቴ ጋር ይመጣል። ቀቀልኩት። የተፈጨ ድንች ነገር ሆነ። ግማሹን በግድ በላሁ፣ ግማሹን ጣልኩት።

ከታች የሚኖሩት ጋሼ ድሮ ምጽዋ የባሕር ኃይል ነበሩ። ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ ነገርኳቸው።

«ራሱን ሳትቆርጥ ነው እንዴ ያሳደርከው?»

«አዎ ጋሼ፣ ከነራሱ።»

«በል እንግዲህ፣ ገንዘብህን ባሕር ጥለሃል።»

ማታ ሳነብ ነገሩ ገባኝ። የምግብ መፍጫው እጢ ያለው ራሱ ውስጥ ነው። ሽሪምፑ ሲሞት ከዚያ የሚወጣው ኢንዛይም ወደ ጭራው ይሄድና ሥጋውን መሰባበር ይጀምራል። ማለትም ራሱን በራሱ ይፈጫል። ስፖት ፕራውን ላይ ደግሞ ይሄ ነገር ቶሎ ነው የሚመጣው። መፍትሔው ሁለት ብቻ ነው፦ ወይ በሕይወት እያለ ድስት ውስጥ ይገባል፣ ወይ ወዲያው ራሱ ይነቀልና በረዶ ላይ ይቀመጣል።

ቅርፊቱን ኩሽና ቆሻሻ ውስጥ ጥዬው ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ባለቤቴ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም። ከእንግዲህ ቅርፊትና ራስ በላስቲክ ታስሮ ፍሪዘር ይገባል፣ አረንጓዴው ቆሻሻ (የምግብ ትራፊው) የሚወሰድበት ቀን ጠዋት ይወጣል።

ሳምንት 2፣ ቅዳሜ

ዕቃ ተገዛ። ትንሽ የበረዶ ሳጥን 22፣ ሁለት የሚቀዘቅዝ ጥቅል 7። ከቤት ደግሞ ፎጣ፣ ወፍራም የጎማ ጓንት፣ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን። መኪና ከጓደኛዬ ተዋስኩ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወደቡ ላይ ነበርኩ፣ ሰልፉ ገና ስምንት ሰው ነው።

እንደገና ሁለት ፓውንድ። ሴትዮዋ ስትመዝንልኝ የማይንቀሳቀሱትን ሁለቱን ለይታ ወደ ጎን አደረገቻቸው። ሳልጠይቃት። ከእሷ ነው ሁልጊዜ የምገዛው አልኩ በልቤ።

ራስ ነቀላውን እዚያው አጥሩ ጋ ተቀምጬ ሠራሁት። በአንድ እጅ ራሱን፣ በሌላው ጭራውን መያዝ፣ ጠምዘዝ አድርጎ መሳብ። አንዴ ከለመድከው አንዱ ሦስት ሰከንድ አይፈጅም። የመጀመሪያዎቹን አምስት ግን ያለ ጓንት ስለጀመርኩ ዋጋዬን አገኘሁ። ግንባሩ ላይ መጋዝ የመሰለ ሹል አለ፣ አውራ ጣቴን ሁለት ቦታ ወጋኝ። የባሕር ነገር የወጋው ቁስል ደግሞ ያቃጥላል። ጓንት ከዚያ በኋላ።

ጭራዎቹ በረዶ ላይ፣ ራሶቹ በሌላ ላስቲክ። ጭራዎቹ በረዶውን በቀጥታ እንዳይነኩ በመሃል እርጥብ ፎጣ አደረግሁ። በረዶው ሲሟሟ ውኃው ላይ መንሳፈፍ የለባቸውም፣ ጣዕማቸውን ያጥበዋል።

ቤት መዘንኩ። ከነራሱ 907 ግራም የነበረው ጭራው ብቻ 470 ሆነ። ግማሹ ራስ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በ28 ዶላር የገዛሁት ፓውንድ ሲበላ ወደ 54 ይጠጋል። ይሄን ስሌት ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

አሁን ሥጋው ጠንካራ ነው፣ ጥርት ያለ። ከዚያ ምን አደረግሁ? አራት ደቂቃ ቀቀልኩት። ዶሮ የሚቀቅል ሰው እጅ አራት ደቂቃ ምን አላት ብሎ ነው የሚያስበው። ጎማ ሆነ። ጣዕሙ ግን እዚያ ውስጥ ነበር፣ ጣፋጭ፣ ከስኳር ሌላ የሆነ ጣፋጭ። ስለዚህ ዕቃው ጥሩ ነው፣ አበሳው ሰዓቱ ነው።

እማዬ በቪዲዮ ደወለች። ሳህኑን አሳየኋት።

«ምንድነው እሱ? አንበጣ ነው?»

«የባሕር ነው እማዬ።»

«አንበጣ ደግሞ ባሕር ገባ!»

ሳምንት 3፣ ቅዳሜ

ሦስት ፓውንድ፣ 84 ዶላር። ዛሬ ሙከራ ነው።

ሴትዮዋ ሰልፉ ቀለል ሲል ትንሽ አጫወተችኝ። ድሮ ከዚህ የሚያዘው አብዛኛው ቀዝቅዞ ወደ ጃፓን ነበር የሚላከው፣ የከተማው ሰው ብዙም አያውቀውም። የሼፎች ማኅበር ፌስቲቫል ከጀመረለት በኋላ ነው ሰው ወደብ እየመጣ ከጀልባ መግዛት የለመደው። አሁን ሰልፉን አይቶ ይሄ ታሪክ ነው ማን ይላል።

ሌላ ያስገረመኝ ነገር፦ ሁሉም ስፖት ፕራውን ሲወለድ ወንድ ሆኖ ነው የሚኖረው፣ ሲያድግ ወደ ሴትነት ይቀየራል። ዕድሜው አራት ዓመት ገደማ ነው። ትላልቆቹ፣ እኔ መርጬ የምወስዳቸው፣ ሴቶቹ ናቸው ማለት ነው። ባለቤቴ ይሄን ስትሰማ ሳቀች፣ «ምነው ሁሉም እንደዚያ ቢሆን» አለች።

ወደ ሙከራው። 3 ሊትር ውኃ፣ 105 ግራም ጨው። በሊትር 35 ግራም፣ የባሕር ውኃ ጨዋማነት ያህል። ያንን ያህል ጨው ስትጨምር እጅህ ይፈራል፣ ግን በቅርፊቱ ውስጥ ስለሚበስል የሚገባው ትንሽ ነው። ውኃው ሲንተከተክ ከነቅርፊታቸው አምስት አምስት ጭራ እየጨመርኩ በስልክ ሰዓት ያዝኩ።

45 ሰከንድ፦ መሃሉ ገና ግልጽ ነው፣ እንደ ብርጭቆ። 60 ሰከንድ፦ ለትንንሾቹ ልክ ነው። 75 ሰከንድ፦ ይሄ ነው። ስትነክሰው ቀጭ ይላል፣ ከዚያ ይለሰልሳል። 90፦ ለትልልቆቹ ያስኬዳል፣ ትንንሾቹ መጨማደድ ጀመሩ። 120፦ ያለፈው ሳምንት ጎማ ተመለሰ።

ሰዓት ከሌለህ ቅርጹን እይ። እንደ ማጭድ ጎበጥ ሲል አውጣ። ጭራው ዞሮ አንገቱን ነክቶ ቀለበት ከሆነ አልፎበታል። ቀለሙ ግን ያታልላል። ቅርፊቱ ሙቀት እንደነካው ወዲያው ብርቱካንማ ይሆናል፣ ውስጡ ጥሬ ሆኖም ቢሆን። ቀለሙ አስታዛንቲን የሚባል ነገር ነው፣ ጥሬው ላይ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ተደብቋል፣ ሙቀቱ ያላቅቀውና ይወጣል። የመብሰል ምልክት አድርጌ አየው ነበር፣ አይደለም።

አንድ ስህተት እዚህም አለ። ከድስት ሲወጣ መብሰሉን እንዳይቀጥል በረዶ ውኃ ውስጥ መክተት አለብህ፣ ያንን አድርጌያለሁ። ግን የመጀመሪያውን ዙር ረስቼው ሩብ ሰዓት ያህል ቆየ። ውኃ ውኃ አለ። ከሁለተኛው ጀምሮ በረዶ ውኃውንም ጨው አደረግሁበትና አንድ ደቂቃ ሲሞላ አወጣሁ።

ጥሬውን የሚበሉ አሉ። ክትፎ የሚበላ ሰው ጥሬ ፈራሁ ቢል ያስቃል፣ ስለዚህ አንድ ሞከርኩ፣ በሕይወት ከነበረው፣ ወዲያው ራሱን ነቅዬ፣ ልጬ። ለስላሳ ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ ትንሽ ይጣበቃል። አንድ ይበቃኛል።

ሳምንት 3፣ እሑድ፤ ጥብስ

ከትናንት የተረፈ ጭራ ነበረኝ፣ ራሱ ተነቅሎ በረዶ ላይ ያደረ። ጠንካራ ነው፣ ምንም አልሆነም። የጋሼ ምክር ሠርቷል።

እንደ ሥጋ ጥብስ ጀመርኩት። ሽንኩርት፣ ከዚያ ሽሪምፑ፣ ከዚያ ንጥር ቅቤ፣ ቃሪያ። ውኃ አወጣ። ሽንኩርቱ ያወጣል፣ ሽሪምፑም ያወጣል፣ መጥበሻው ደግሞ ሞልቷል። ጥብስ ሳይሆን ቅቅል ሆነ። ጣዕሙ አይከፋም፣ ግን የፈለግሁት እሱን አይደለም።

ሁለተኛው ዙር። የተላጠውን ሽሪምፕ በወረቀት ፎጣ በደንብ አደረቅሁ። የብረት መጥበሻ እስኪጤስ ድረስ ጋለ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ ቅቤው ስለተነጠረ በትልቅ እሳት አያርም። አሥር ፍሬ ብቻ። አንዱን ጎን 40 ሰከንድ፣ ገልበጥ፣ 30 ሰከንድ፣ ወደ ሳህን። በዚያው መጥበሻ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ አንድ ደቂቃ፣ እሳት አጥፍቼ ሽሪምፑን መለስኩት፣ ሎሚ ጨመቅኩበት፣ ሚጥሚጣ በሁለት ጣት ብትን። ቅቤው ኮሰረት ያለበት ነው፣ አክስቴ የላከችልኝ። ኮሰረቱ ከሽሪምፑ ጋር እንዲህ ይስማማል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እንጀራ እንኳ አልፈለግሁም፣ ቆሜ ከመጥበሻው በላሁት።

ሳምንት 4፤ ወጥ

ሁለት ፓውንድ፣ 56። ሰው ሁሉ ወጥ ሥራው ወጥ ሥራው ሲለኝ ነበር።

ቁሌት። ሦስት ሽንኩርት ደቆ፣ ያለ ዘይት 25 ደቂቃ፣ ከዚያ ዘይት፣ ሁለት ማንኪያ በርበሬ፣ ጠብ ጠብ ውኃ፣ ሌላ 20 ደቂቃ። በመጨረሻ ሽሪምፑን ጨምሬ ሁለት ደቂቃ። ቁሌቱ ቆንጆ ነው። ሽሪምፑ ግን የለም። አፌ ውስጥ የሆነ ለስላሳ ነገር አለ፣ ጣዕሙ በርበሬ ነው። እንቁላል ብጨምርበትም ያው ነበር። በ28 ዶላር ፓውንድ በርበሬ ቀመስኩ።

በማግሥቱ የተረፈውን አልጫ አደረግሁት። ሽንኩርት በዘይት፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዕርድ ለቀለም ብቻ፣ ቃሪያ ተሰንጥቆ። መረቁ ዝግጁ ሲሆን እሳቱን አጥፍቼ ሽሪምፑን በሙቀቱ ብቻ አበሰልኩት፣ ክዳን ከድኜ ሦስት ደቂቃ። ልኩ ያልሆነው ክዳን በአንድ በኩል ስለሚያስተነፍስ በሳህን ደገፍኩት። ይሄኛው ጥሩ ነው። ጣፋጩ ይሰማል። ከጥብሱ ግን አይበልጥም።

ጋሼን ጋበዝኳቸው። አራት በልተው «ምጽዋ ላይ በሎሚ ብቻ ነበር የምንበላው» አሉ። ያው፣ ሁለት ቀን የደከምኩበትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ገደሉት።

የራሶቹ ጉዳይ

ይሄ ሳምንት አልተጻፈበትም፣ በየመሃሉ የተሠራ ነው። ግማሹን ክብደት የከፈልኩት ለራስ ከሆነ መጣል ያንገበግባል።

ሙከራ አንድ፦ እንደ አጥንት መረቅ አንድ ሰዓት ተኩል አፈላሁት። መራራ ሆነ፣ ቤቱ ሁሉ ወደብ ሸተተ። መስኮት ተከፈተ፣ ዕጣን ተጨሰ፣ እኔም ተወቀስኩ።

ሙከራ ሁለት፦ ከ70 የሚበልጡ ራሶች ነበሩኝ። በዘይት ሰባት ደቂቃ ቆላኋቸው፣ ቅርፊቱ ደምቆ ዘይቱ ራሱ ብርቱካንማ እስኪሆን፣ እየቆላሁ በእንጨት ማንኪያ ጨፈለቅኋቸው። አንድ ሊትር ተኩል ውኃ፣ 25 ደቂቃ በትንሽ እሳት፣ ከዚያ በወንፊትና በነጠላ ጨርቅ አጠለልኩት። ጥርት ያለ መረቅ ወጣ።

በእሱ ሽሮ ሠራሁ። በርበሬ የበዛበት ሽሮ ይውጠዋል ብዬ ነጩን ሽሮ ነው የተጠቀምኩት። ውኃው ቦታ መረቁ፣ ሌላው ያው ነው። ጨው አትጨምር፣ መረቁ በቂ አለው፣ እኔ ጨምሬ አበላሽቼው ሌላ ሽሮ ዱቄት አክዬ ነው ያስተካከልኩት፣ ስለዚህ ለሦስት ቀን የሚሆን ሽሮ ሆነ። ባለቤቴ ሳታውቅ «ምን አድርገህበት ነው እንዲህ የሸተተው?» ብላ ማንኪያ ይዛ መጣች። ነገርኳት። ማንኪያውን መለሰች።

ሳምንት 5

ሁለት ቦታ ሞከርኩ፣ አንዱ ኪሳራ ነው።

መኪና ስላልነበረኝ ሰፈር ካለ ሱቅ «ፍሬሽ» የሚል ጭራ አንድ ፓውንድ በ31 ገዛሁ። ቤት ሳየው ቅርፊቱ ከሥጋው ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ጠቁሯል፣ ሥሩ ውኃ አቁሯል፣ ስጫነው አይመለስም። ቀዝቅዞ የነበረ ነው፣ ቀልጦ በረዶ ላይ ተቀምጧል። ቀዝቅዞ መሸጡ ነውር የለውም፣ ግን ንገረኝ። ጉዳዩ ጥቁሯን ጠርዝ አለማየቴ ነው፣ ማየት ነበረብኝ።

እሑድ ጓደኛዬ ሪችመንድ፣ ስቲቭስተን ወሰደኝ። እዚያም ከጀልባ ነው የሚሸጠው። ስፖት ፕራውኑ አልቆ ነበር፣ ሳይድስትራይፕ የሚባለውን ሌላ ሽሪምፕ ወሰድኩ፣ በ15፣ ሁለት ፓውንድ። አነስ ይላል፣ ቅርፊቱ ስስ ነው፣ ሥጋው ለስላሳ። 45 ሰከንድ በቃው። ጣፋጭነቱ ከስፖቱ ብዙም አይርቅም፣ በግማሽ ዋጋ። በእውነት ለአልጫ ይሄ ይሻላል።

ሳምንት 6

ረቡዕ ወደብ ሄድኩ፣ የሴትዮዋ ጀልባ የለም። አጠገቧ ያለው ሰውዬ የያዙት አካባቢ ተዘግቷል አለኝ። ነገሩ የቀን ቀጠሮ ብቻ አይደለም። ወጥመድ ውስጥ ስንት ለመራባት የደረሱ ሴቶች እንደሚገቡ ይቆጠራል፣ ቁጥሩ ከተቀመጠለት ሲወርድ ያ አካባቢ ይዘጋል። ወቅቱ ሜይ ላይ የሚከፈተውም ሴቶቹ ከመከር ጀምሮ ሆዳቸው ሥር ተሸክመውት የከረሙት እንቁላል ከተፈለፈለ በኋላ ነው። እኔ ግን አንድ ሳምንት ይቀረኛል ብዬ ነበር።

ሰውዬው ያለውን ሰጠኝ፣ አራት ፓውንድ፣ በ30፣ 120 ዶላር። የመጨረሻው ስለሆነ አልተከራከርኩም። ራስ ነቀላው 20 ደቂቃ ፈጀ፣ ጓንት አለ፣ ማንም አልወጋኝም።

አሁን ማቀዝቀዝ። ጭራው 940 ግራም ያህል ወጣ። ለሦስት ከፈልኩት። አንዱን በላስቲክ ብቻ፣ አየሩን በእጄ አስወጥቼ። ሁለቱን ክዳን ባለው ፕላስቲክ ሣጥን (ሁለቱ 6 ዶላር) ጭራዎቹ እስኪሸፈኑ ቀዝቃዛ የጨው ውኃ ሞልቼ፣ በሊትር 30 ግራም። ዓሣ አጥማጆቹም ባሕር ላይ እያሉ እንዲሁ በባሕር ውኃ ነው ሣጥን ውስጥ የሚያቀዘቅዙት። ውኃው ሲረጋ ስለሚሰፋ ከላይ ሁለት ጣት ክፍት ተውኩ። ይሄን ያወቅሁት ባለፈው ዓመት ፍሪዘር ውስጥ የፈነዳ የሾርባ ማሰሮ ስላለኝ ነው።

ሰኞ የሰኔ ጾም ገባ። ባለቤቴ ሣጥኖቹ ላይ በወፍራም ማርከር «አይነካም» ብላ ጻፈች። ለእኔ ነው ለራሷ ግልጽ አይደለም።

ሒሳብ

ሽሪምፕ ከነሳይድስትራይፑና ከሱቁ ጭራ 433። ድስት 9፣ የበረዶ ሳጥን 22፣ ጥቅል 7፣ ፕላስቲክ ሣጥን 6። ድምር 477 ዶላር፣ ፓርኪንግና ቤንዚን ሳይጨምር። ከዚህ ውስጥ የመጀመሪያው 56 እና የሱቁ 31 ባለማወቅ የተከፈለ ነው። «በዚህ በግ ይገዛ ነበር» ተባልኩ። ይገዛ ነበር።

ሐምሌ 5

ጾሙ ተፈታ። ማታውኑ ላስቲኩንና አንዱን ሣጥን ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ አወረድኩ፣ ጠዋት ቀልጠዋል።

ላስቲኩ፦ ጠርዝ ጠርዙ ነጥቷል፣ ደርቋል። ቅርፊቱ ከሥጋው ጋር ተጣብቆ አልላጥ አለ። 75 ሰከንድ ቀቅዬ ቀመስኩት፣ ገለባ ገለባ ይላል። ይበላል፣ አይወራለትም።

ሣጥኑ፦ ውኃው ትንሽ ሮዝ ሆኗል። ሥጋው ጠንካራ ነው፣ ቅርፊቱ በአንድ ጊዜ ይወጣል። አድርቄ በመጥበሻ፣ አንዱን ጎን 40፣ ሌላውን 30 ሰከንድ። ከጀልባው ቀን ጋር እኩል ነው ካልኩ ውሸት ነው፣ ያቺ ቀጭ የምትለው ነገር ቀንሳለች። ጣፋጩ ግን አለ።

ጋሼ በሩን ሲያንኳኩ መጥበሻው ገና ትኩስ ነበር። ሎሚ ብቻ ጨምቄ ሰጠኋቸው፣ ሚጥሚጣ የለ፣ ቅቤ እንኳ ቀነስኩ። ስድስት በሉ። ምንም አላሉም። ሰባተኛውን ለማንሳት እጃቸውን ዘረጉና፣ «ያቺኛዋስ ሣጥን መቼ ነው የምትከፈተው?» አሉ።